ማስታወቂያ ሳነብ ድምፄ ለምን ዜና ይሆናል?

ጥያቄ፦
ሰላም ቤተሰብ። የሬዲዮ ማስታወቂያ በድምፅ መሥራት ከጀመርኩ ጥቂት ወራት ሆነኝ። ከሰው ጋር ሳወራ ደህና ነኝ፤ ማይክ ፊት ስቀመጥ ግን ድምፄ ይወፍርና ዜና አንባቢ እሆናለሁ። ትናንት አንድ የቡና ማስታወቂያ ስድስት ጊዜ ቀድቼ ደንበኛው "አታንብብልኝ፣ አውራኝ" ብሎ መለሰብኝ። ምን ላድርግ?

መልስ 1፦
አይዞህ ወንድሜ፣ እኔም እዚያው ነበርኩ። ለሺህ አድማጭ አትናገር፣ አንድ ሰው ምረጥ። እናትህ ረከቦቱ አጠገብ ተቀምጣለች በልና "እማ፣ እስቲ ይሄን ቡና ቅመሺው" ብለህ ሳታቋርጥ ወደ ጽሑፉ ግባ፣ መግቢያዋን በኋላ ትቆርጣታለህ። ፈገግ ካልክ ደግሞ ድምፅህ ላይ ይሰማል።

መልስ 2፦
ጥፋቱ ያንተ ብቻ ላይሆን ይችላል፣ ጽሑፉንም እየው። "ምርታችንን በመጠቀም ተጠቃሚ ይሁኑ" ብሎ ቤቱ የሚያወራ ማን አለ? ደንበኛውን አስፈቅደህ ወደ አፍ ቋንቋ መልሰው። ሌላው፣ ፊደላችን የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይም። "ገና" ሲጠብቅ በዓሉ ነው፣ ሲላላ ደግሞ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው። እኔ ከመቅዳቴ በፊት የሚጠብቀው ላይ በእርሳስ ነጥብ አደርጋለሁ፤ አለዚያ መሃል ላይ እጠራጠርና ድምፄ ይደርቃል።

መልስ 3፦
30 ሰከንድ ውስጥ የማይገባ ጽሑፍ ከሰጡህ አሳጥሩልኝ በል። እየሮጡ ማውራት የለም። ከማይኩም አንድ ስንዝር ያህል ራቅ፣ በጣም ቀርበህ ስትናገርም ድምፅ ይወፍራል።

ጠያቂው፦
"እማ" ብዬ ጀመርኩ፣ ሁለተኛው ላይ አለፈ! እግዜር ይስጥልኝ።