የድሮ የባቡር ፉርጎ በር አስቸግሮኛል

ሰላም ባለሙያዎች! ጅማ ውስጥ አናጢ ነኝ። ባቡር እዚህ ደርሶ አያውቅም፤ የኔ ጣጣ ግን የባቡር ነው። አንድ ደንበኛዬ በ784 ኪሎ ሜትሩ የጅቡቲ–አዲስ አበባ መስመር ይመላለስ ከነበረ የመንገደኛ ፉርጎ የወጣ የእንጨት በር ከድሬዳዋ አመጣ። እዚያ ደረቅ አየር ለምዶ የኖረ እንጨት የጅማ ክረምት ሲያገኘው አብጦ ጣውላው ተወጣጠረ። የታችኛው አግዳሚ ደግሞ በስብሶ በጥፍር ይፈረፈራል። የበሰበሰውን ብቻ ቆርጬ ልቀጥል ወይስ ሙሉውን ልቀይር? ደረቅ ዋንዛ አለኝ፤ እንደሌላው ቶሎ አይጣመምም። ግን የበሩ እንጨት ከባድና ቀይ ነው፤ ሁለቱ አንድ ላይ ይስማማሉ? ቀለሙም ድርብርብ ነው። የድሮ ቀለም እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖረው ስለሚችል በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት ማሸት ፈራሁ። በምን ላንሳው? ደንበኛዬ በየቀኑ ይደውላል፣ እባካችሁ!