ታር (የሊኑክስ ፋይል መጠቅለያ ትእዛዝ) አስቸገረኝ፦ «ዜድ» የሚባል ፋይል ከየት መጣ?

እንደምን ዋላችሁ ወገኖች። የምጽፈው ከደብረ ማርቆስ ነው። ሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ያለ የኮምፒውተር ስርዓት) ከጀመርኩ ገና ሁለት ሳምንቴ ነው። የእህቴን ሰርግ ፎቶዎች፣ 6 ጊጋባይት የሚሆን ፎልደር፣ በታር ጠቅልዬ በፍላሽ ባሕር ዳር ልልክላት ነበር። ተርሚናሉ (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ ታር ብዬ፣ ከሰረዝ በኋላ ሲ (ፍጠር)፣ ኤፍ (የፋይሉ ስም ይኸው)፣ ዜድ (ጨምቅ)፣ ቀጥሎ የፋይሉን ስም፣ ከዚያ ፎልደሩን ጻፍኩ። «እንዲህ ያለ ፋይል የለም» አለኝ። እንዴ! እንዲፈጥረው እኮ ነው ያዘዝኩት። ጭራሽ «ዜድ» የሚባል ፋይል ፈጥሮ ቁጭ አለ። መጠኑም ያው 6 ጊጋ!

ጥፋቱ የፊደሎቹ ቅደም ተከተል ይሆን? ወይስ ጄፔግ (የፎቶዎቹ ፋይል ዓይነት) ድሮም የተጨመቀ ስለሆነ ነው ያልቀነሰው? ፍላሼ ደግሞ ፎርማቱ (ፋይል የሚያስቀምጥበት ስልት) ፋት 32 ነው፤ ከ4 ጊጋ የሚበልጥ ፋይል አይቀበልም። እንዴት ልከፋፍለው? መብራት ሳይሄድ (ትናንት መሃል ላይ ጥሎኝ ሄዷል) ድረሱልኝ። «ዜድ»ንስ ልሰርዘው ወይስ ይቆይ?