ወንድሜ አሜሪካ በገባ በዓመቱ የውትድርና ምዝገባ ደብዳቤ መጣለት፣ ብሔራዊ ውትድርና ሊመለስ ነው እንዴ?

ማራኪ ሰፈር
ሰላም ናችሁ ወገን። ታናሽ ወንድሜ 21 ዓመቱ ነው፣ አምና በዲቪ ሄዶ ቨርጂኒያ አክስታችን ጋ ነው ያለው። ሰሞኑን ሰለክቲቭ ሰርቪስ ከሚባል የመንግስት መስሪያ ቤት ደብዳቤ መጣለትና እሱ ደሞ አያርፍም በኢሞ ደውሎ ስፒከር ላይ አድርገነው አነበበልን። እማዬ ቡና እያፈላች ነበር፣ «ውትድርና» የምትለዋን ስትሰማ ጀበናውን እሳት ላይ ጥላው ተነሳች። የሷ ታላቅ፣ አጎቴ ማለት ነው፣ በደርግ ጊዜ ቅዳሜ ገበያ ውሎ ሲመለስ ታፍሶ በዛው ቀረ፣ ስለዚህ ማን ያስረዳት፣ «ያኔም ተመዝገቡ ብለው ነው የጀመሩት» ብላ ድርቅ። ቲቪው ደሞ ሲነጋ ሩሲያ ሲመሽ ኢራን ነው፣ እንቅልፍ የለም እኛ ቤት። ልጁን ሊወስዱት ይችላሉ? ዜጋ እንኳን አይደለም'ኮ፣ ገና ግሪን ካርድ ነው።

ዳላስ ያለሁ የአዘዞ ልጅ
አይዞሽ እህቴ እኔም መጥቶልኛል፣ በ23 ዓመቴ ነው የገባሁት። ከ18 እስከ 25 ያለ ወንድ ዜጋም ይሁን ግሪን ካርድ፣ ወረቀት የሌለው ራሱ፣ መመዝገብ ግዴታው ነው፣ በተማሪ ቪዛ ምናምን በህጋዊ መንገድ ያለ ነው የሚቀርለት። ምዝገባ ማለት ስምና አድራሻህን መዝገብ ላይ ማስገባት ነው በቃ፣ ካምፕ የለ ስልጠና የለ፣ ብዙ ስቴት ላይ መንጃ ፈቃድ ስታወጣ አብሮ ይመዘግብሃል። በግዴታ መጥራት ቬትናም ጊዜ በፈረንጅ 1973 ነው የቆመው፣ ከዛ ወዲህ አንድም ሰው አልተጠራም። ግን ልጁ ችላ እንዳይል፣ 26 ከሞላው በኋላ ልመዝገብ ቢል አይቀበሉትም፣ ዜግነት ሲያመለክት ደሞ ፎርሙ ላይ ይጠይቁታል። አንድ ጓደኛዬ «እኔ ወታደር አልሆንም» ብሎ ደብዳቤውን ቀዶ ጥሎ በኋላ ማብራሪያ ሲጽፍ ነው የከረመው።

ጃንተከል ስር
እሺ ግን አይመለስም ብላችሁ አትሸውዷት። በፈረንጅ አቆጣጠር ሊትዌኒያ በ2015 መለሰች፣ ስዊድን በ2010 አቁማው በ2017 መለሰች፣ ላትቪያ በ2023፣ ሁሉም ፑቲንን አይተው ነው። ዴንማርክማ ሴቶችንም ዕጣ ውስጥ አስገባች። ጀርመን በ2011 ያቆመች አገር አሁን «በፍላጎት ነው በፍላጎት ነው» እያለች 18 የሞላቸውን ወንዶች ፎርም ልታስሞላ ህግ አወጣች። ፎርም ከሞላህ በኋላ የሚመጣውንማ እኛ ነን የምናስተምራቸው ሃሃሃ።

ጥቁር ካባ
አውሮፓው ልክ ነህ፣ ሩሲያ ጎረቤታቸው ናት። አሜሪካ ግን ፕሬዚዳንቱ ስለተናደደ ብቻ ሰው ማፈስ አይችልም፣ መጀመሪያ ኮንግረስ ህግ ማውጣት አለበት። ቢወጣም በትውልድ ቀን ዕጣ ነው የሚሆነው፣ ቀድመው የሚጠሩት 20 ዓመት የሚሞላቸው ናቸው፣ 21 ቀጥሎ ነው። ዲቪውም በሎተሪ ድራፍቱም (የግዴታ ውትድርና ጥሪው) በሎተሪ፣ ልጁ ዕጣ ይወዳል መሰለኝ። ደሞ የተደናገጠችው እናትሽ ብቻ አይደለችም፣ በጃንዋሪ 2020 የኢራኑ ጀነራል ሱለይማኒ ሲገደል አሜሪካኖቹ ራሳቸው ተረባርበው ገብተው የሰለክቲቭ ሰርቪስ ዌብሳይት ከሰው ብዛት አልከፍትም ብሎ ነበር።
የኛም ህገ መንግስት ለግዴታ ውትድርና በሩን ዘግቶ አልወጣም በነገራችን ላይ፣ አንቀጽ 18ን አንብቡት፣ ህሊናው ስለማይፈቅድለት በግዴታ ውትድርና ፋንታ ሌላ አገልግሎት የሚሰጥ ሰው ስራው የግዳጅ ስራ አይባልም ይላል።

የ75ቱ ዘማች
ልጄ፣ እናትሽ ላይ አትሳቁባት። በኛ አቆጣጠር በ1975 የወጣው የብሔራዊ ውትድርና አዋጅም ወረቀቱ ላይ ሲነበብ የስዊድኑን ይመስላል፣ ከ18 እስከ 30 ዓመት፣ 6 ወር ስልጠና፣ 2 ዓመት አገልግሎት፣ ከዛ እስከ 50 ዓመት ተጠባባቂ። መሬት ላይ ሲወርድ ቀበሌው ኮታ አለበት፣ ኮታው ካልሞላ ሌሊት በር ይንኳኳል፣ የገበያ ቀን መንገድ ይዘጋል። እናቶች ልጅ ጎተራ ውስጥ ይደብቁ ነበር። እኔ 16 ነበርኩ፣ ቁመቴን አይተው 18 ብለው ጻፉኝ። ብር ሸለቆ ሰልጥኜ ኤርትራ ወረድኩ፣ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ የተባለው እስከ ግንቦት 83 ሆነ። ሲፈርስ በከሰላ ወጥቼ በመተማ በኩል ቤቴ ስገባ እናቴ ተዝካሬን አውጥታ ጨርሳለች። ለሷ የደረሳት አንድ ወረቀት የለም። ስለዚህ ስለ ኮንግረስ አትንገሪያት ልጄ፣ አይገባትም፣ ልጁ ማታ ማታ ይደውልላትና መልኩን ታየው።

ማራኪ ሰፈር
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ያልኩትን ሁሉ ትቼ እርስዎ እንዳሉት አደረግኩ፣ ትናንት ቪዲዮ ከፍቶ ሱፐርማርኬት ውስጥ እቃ ሲደረድር አሳያት። የአዘዞው ልጅ ያልከውንም ነግሬዋለሁ፣ የምዝገባ ካርዱን አስቀምጧል። እማዬ ከሁሉም የያዘችው «26» የምትለዋን ነው፣ በጣቷ ቆጥራ አምስት ዓመት አለች፣ እና ለደብረ ብርሃን ሥላሴ ጃንጥላ ተስላለች። የዛሬ አምስት ዓመት ጃንጥላው ስንት እንደሚገባ ደሞ እሱን የምትነግሩኝ ካላችሁ፣ ገዢዋ እኔ ነኝ።