የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞች ማኅበር የዕቅድ ውይይት፦ «በ2 ሰዓት» የሚለው ወረቀትና ለሥራ አመራሩ የምናቀርበው ሐሳብ

የማኅበሩ ጸሐፊ፦ ረቂቁ እስከ ዓርብ ማለቅ አለበት። «የውስጥ ግንኙነት ይሻሻል» ብለን ብቻ ብንጽፍ፣ «እንስማማለን» ብለው ይፈርሙልንና ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ይተኛል። ስለዚህ የትኛው መልእክት፣ ለማን፣ ለምን ሳይደርስ እንደቀረ ጻፉልኝ።

የፈትል ክፍል ተወካይ (የሌሊት ፈረቃ)፦ እኔ ልጀምር። ባለፈው ወር «የደኅንነት ሥልጠና ሐሙስ በ2 ሰዓት» የሚል ወረቀት ምግብ ቤቱ በር ላይ ተለጠፈ። ንጋት 12 ሰዓት ከሥራ ወጥተን፣ ሻይ ቤቱ አግዳሚ ላይ እያንቀላፋን እስከ 2 ሰዓት ጠበቅን። ሥልጠና የሚባል ነገር የለም። ለካ ማስታወቂያውን የጻፉት የውጭ አገሩ ኃላፊ ናቸው፤ የእርሳቸው 2 ሰዓት የእኛ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። ተርጓሚው ቃሉን ተርጉሞ ሰዓቱን እንዳለ ትቶታል። ሥልጠናው ሲሰጥ እኛ አልጋ ላይ ነበርን። በማግስቱ «ያልተገኙ ሠራተኞች» ተብሎ ስማችን እዚያው በር ላይ ተለጠፈ፤ ያኛው ወረቀት ግን ለማንም ግልጽ ነበር።

የሽመና ክፍል ተወካይ፦ አይዞሽ እኅቴ። እኛ ዘንድ ደግሞ የክሩ ቁጥር (የቅጥነቱ መለኪያ) ከ20 ወደ 30 ሲቀየር የቀኑ ፎርማን ለማታው ሳይነግር ወጣ። ስሕተቱ የታወቀው ጨርቁ ከተሸመነ በኋላ ነው፤ የተቀጣው ደግሞ ሸማኔው። ፈረቃ ሲቀያየር 10 ደቂቃ ርክክብ ይኑር፣ በመዝገብ ተጽፎ ሁለቱ ፎርማኖች ይፈርሙበት።

ሒሳብ ያዥ፦ በመዝገቡ እስማማለሁ፤ 10 ደቂቃዋን ግን እንቁጠራት። በሳምንት 6 ቀን ሲሆን አንድ ሙሉ ሰዓት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ላይ ገድቦታል። ስለዚህ ወይ ከ8 ሰዓቱ ውስጥ ትውጣ፣ ወይ እንደ ትርፍ ሰዓት ትከፈል፦ ቀን ከሆነ በአንድ ተኩል እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ካለፈ በ1.75። በበጎ ፈቃድ ከሰጠናት ለዘላለም ሄደች።

የስፌት ክፍል ተወካይ፦ ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል? ቴሌግራም ላይ ይላክልን።

የፈትል ክፍል ተወካይ፦ ወንድሜ፣ ስልካችንን በር ላይ አስረክበን ነው የምንገባው። ከእኔ መስመር ግማሹ ባለ ቁልፍ ስልክ ነው የያዘው። ይላክ፣ ግን ወረቀቱን አይተካም።

የጥገና ክፍል ተወካይ፦ ልጆቼ፣ የአስተያየት ሣጥኑን ረሳችሁት። ቁልፉ የሰው ኃይል ኃላፊው ኪስ ውስጥ ነው፤ ታዲያ ስለ እርሳቸው አቤት የሚል ሰው ምን ብሎ ይጨምርበት? ሸረሪት አድርታበታለች። እንደ ቤተ ክርስቲያን ሙዳየ ምጽዋት ሁለት ቁልፍ ይኑረው፣ አንዱ በማኅበሩ እጅ ይሁን።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦ ጋሼ፣ ይህቺን ቃል በቃል አስገባታለሁ። እስካሁን የያዝኩት፦ ማስታወቂያ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ተጽፎ በሦስቱም ፈረቃ መግቢያ ይለጠፍ፤ ሰዓቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ «ከጠዋቱ» ወይም «ከቀኑ» ተብሎ ይጻፍ። የሌሊት ፈረቃን የሚመለከት ስብሰባ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ይጀመር። የርክክብ መዝገብ ይኑር፣ ባልተመዘገበ ለውጥ ሠራተኛ አይቀጣ። ሣጥኑ በየ15 ቀኑ በሁለት ቁልፍ ይከፈት። የ10 ደቂቃዋን ነገር ከ8 ሰዓቱ ውስጥ ብለን እንጠይቅ፤ እምቢ ካሉ ወደ ክፍያው እንሄዳለን።

የሽመና ክፍል ተወካይ፦ «ባልተመዘገበ ለውጥ አይቀጣ» የምትለዋን ወደ ላይ አውጣት። እነርሱ ሊያስቀሩ የሚሞክሩት እርሷን ነው።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦ አንደኛ ሆናለች። ለመፈረም ዓርብ በ2 ሰዓት ቢሮ እንገናኝ።

የፈትል ክፍል ተወካይ፦ የትኛው 2 ሰዓት?