«ኩዌርኩስ ፖንቲካ» ምን ማለት ነው? በአማርኛስ ምን እንበለው?

ፊደል ቆጣሪ፦
ሰላም ቤተሰብ። ስለ እስያ ዛፎች አንድ ጽሑፍ እየተረጎምኩ «ኩዌርኩስ ፖንቲካ» የሚባል ኦክ ላይ ስደርስ ቆምኩ። «የጥቁር ባሕር ወርካ» ብለው ያስኬዳል? ደግሞ የመጀመሪያው ቃል በ«ኩስ» አልቆ ሁለተኛው ለምን በ«ካ» ይጨርሳል?

የደን ልጅ፦
ከሁለተኛው ልጀምር፣ እሱ ይጣፍጣል። «ኩዌርኩስ» በላቲን ኦክ ማለት ነው። አጨራረሱ የወንድ ይመስላል እንጂ ላቲን ኦክን የሚጠራው በሴት ነው። ስለዚህ ቅጽሉም «ፖንቲካ» ይሆናል። እዚያው አካባቢ የሚበቅለው ሮዶደንድሮን ግን «ፖንቲኩም» ይባላል፤ ስሙ ከግሪክ የመጣ፣ ወንድም ሴትም ያልሆነ ቃል ነውና።

«ፖንቲካ» ማለት «የፖንቱስ» ማለት ነው። ፖንቱስ አዲስ እንዳይመስልህ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 2 «ጳንጦስ» ብለን የምናነበው ነው፤ ከጥቁር ባሕር በስተ ደቡብ ያለው ጥንታዊ አገር። ዛፉ ዛሬ የሚገኘው በሰሜን ምሥራቅ ቱርክና በጆርጂያ ተራሮች ላይ ነው። ስሙን በ1849 ያወጣለት ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ካርል ኮኽ ነው።

ኦክ ሲባል ግዙፍ ግንድ አትጠብቅ። ይሄኛው ቁጥቋጦ ወይም ትንሽ ዛፍ ነው። ቅጠሉ ግን ትልቅ ነው፣ ጠርዙም እንደ መጋዝ ጥርስ ጥርስ አለው። እኔን የሚገርመኝ ዝምድናው ነው። ከ400 በላይ የሆኑትን የኦክ ዝርያዎች በ2017 የወጣው ምደባ በሁለት ንዑስ ወገንና በስምንት ክፍል አስቀምጧቸዋል። መሠረቱ ዲኤንኤና የአበባ ብናኝ ነው፤ በቅጠል መልክ ብቻ መመደብማ ስንቱን አሳስቷል! «ፖንቲኬ» በተባለው ክፍል ውስጥ ያሉት ሁለት ዝርያዎች ብቻ ናቸው። አንዱ ይሄ ነው። ሁለተኛው ያለው አሜሪካ፣ በሰሜን ካሊፎርኒያና በደቡብ ኦሪገን ተራሮች ላይ። ከጎኑ ከሚበቅሉት ኦኮች ይልቅ የሚቀርበው ያ ባሕር ማዶ ያለው ነው ማለት ነው።

ወርካውን ግን ተወው፣ እባክህ። ወርካ የሾላ ዘመድ ነው፤ ከኦክ ጋር አይገናኝም። አገራችን የራሷ ኦክ የላትም። ብዙ የውጭ ትርጉሞች በዘፍጥረት 18 ላይ «የመምሬ ኦክ» ያሉትን የእኛ መጽሐፍ ቅዱስ «የአድባር ዛፍ» ብሎታል። ውብ ነው፣ ግን አድባር የዛፍ ክብር እንጂ የዛፍ ዓይነት አይደለም። «ባሉጥ» የሚሉም አሉ፣ ከዐረብኛው። ለአንባቢ የሚቀለው «የጳንጦስ ኦክ» ይመስለኛል።

ቃለ መዝገብ፦
እኔም «ኦክ» እላለሁ። ብቻ ተጠንቀቅ፣ እንግሊዝኛው «ሲልኪ ኦክ» የሚለው የእኛን ግራቪሊያ ነው። እሱ ከአውስትራሊያ የመጣ፣ ሌላ ቤተሰብ ነው።

ፊደል ቆጣሪ፦
ተባረኩ። ዛፉን በትርጉሜ ላይ «ሊጠፋ የተቃረበ» ያልኩትስ ልክ ነው?

የደን ልጅ፦
ትንሽ ይበዛበታል። የዝርያዎች የመጥፋት ስጋት በሚመዘገብበት ዓለም አቀፍ «ቀይ መዝገብ» አደጋ ላይ ያሉት ሦስት ደረጃ አላቸው። «ሊጠፋ የተቃረበ» የሚስማማው ለከፋው ነው። ይሄ መካከለኛው ላይ ስለሆነ «ለመጥፋት የተጋለጠ» በለው።

ቃለ መዝገብ፦
ጴንጤናዊው ጲላጦስስ? ከዚያው ከጳንጦስ ነው እንዴ?

የደን ልጅ፦
አይደለም። «ናዊ» የምትለዋ የአገር ስም አስመሰለችው እንጂ «ፖንቲዩስ» የሮማውያን የቤተሰብ ስም ነው።