ግሩፑ ወደ መጀመሪያው ሰርቨር አልመለስ አለኝ

ሰላም ወገኖች። ደብረ ማርቆስ፣ መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ሁለት ዊንዶውስ ሰርቨሮችን አንዱ ሲወድቅ ሌላው እንዲተካው በክላስተር አስተሳስሬያለሁ። የፋይል ግሩፑ (አንድ ላይ የሚዛወረው የፋይል አገልግሎት) ዋና ቦታ አንደኛው ነው፤ ሁለተኛው ራሙ ትንሽ ስለሆነ መጠባበቂያ ነው። የአንደኛው ዩፒኤስ ባትሪ ደክሟል። መብራት ሲጠፋ ፌልኦቨሩ (ግሩፑ በራሱ ወደ ሁለተኛው መዛወሩ) አሪፍ ይሠራል። ያስቸገረኝ መመለሱ ነው።

መጀመሪያ ወዲያው እንዲመለስ ፈቅጄ ነበር። ቀን ላይ ሲመለስ ገንዘብ ያዧ የከፈተችው ፋይል ተቋረጠባት፤ ደመወዝ እየሠራች ነበር፣ በጣም አዘንኩ። ስለዚህ ፌልባኩን (የመመለሻውን ሰዓት) ከ22 እስከ 23 አደረግኩት፤ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 እስከ 5 ሰዓት ማለት ነው። የሰርቨሮቹ ሰዓት ልክ ነው። አንደኛው የግሩፑ ተመራጭ ባለቤት (ቅድሚያ የሚሰጠው ሰርቨር) ተብሎ ምልክት ተደርጎበታል።

ትናንት ከሰዓት ግሩፑን በእጄ ወደ ሁለተኛው አዛውሬ አንደኛውን ሪስታርት አደረግኩት። ተነሳ፤ ግሩፑ ግን ሁለተኛው ላይ አደረ። በእጅ የተዛወረ ግሩፕ በራሱ አይመለስም ወይስ ያልነካሁት ሌላ ሴቲንግ አለ?