የፖለቲካ ካርቱን ለ10ኛ ክፍል፦ ከየት ላምጣ፣ እንዴትስ ላስተምርበት?

የዜግነት መምህርት (አራት ኪሎ)
ሰላም መምህራን። 10ኛ ክፍል ዜግነት ነው የማስተምረው። ስለ መንግሥትና ሥልጣን ሳወራ ግማሹ ክፍል ያንቀላፋል። ሰሞኑን አንድ የጋዜጣ ካርቱን ሰሌዳው ላይ ስለጥፍ ግን ከኋላ የሚቀመጡት ሳይቀሩ ተነስተው መጡ። ወዲያው ደግሞ "ይሄ የእኛን ሰው ሊሰድብ ነው"፣ "አይ፣ የእናንተን ነው" መባባል ጀመሩና ትምህርቱ ቀርቶ ጭቅጭቅ ሆነ። ተማሪው ብዙ ነው፣ ፕሮጀክተር የለንም። ካርቱን ከየት ላምጣ? ሳይጣሉስ እንዴት ላወያያቸው?

የታሪክ አስተማሪ
እህቴ፣ ከዛሬው አትጀምሪ። ማንም ወገን ከማይዝበት ከሩቅ ዘመን ጀምሪ፣ ግን እኛን የሚነካ ይሁን። እኔ የማስቀድመው ፓንች የተባለው የእንግሊዝ መጽሔት በ1892 እ.ኤ.አ. ያወጣውን ነው፤ ዊኪሚዲያ ኮመንስ ከሚባለው ድረ ገጽ በነጻ ታወርጂዋለሽ። በደቡባዊ አፍሪካ የእንግሊዝን ቅኝ ግዛት ያስፋፋው ሴሲል ሮድስ አንድ እግሩን ካይሮ፣ ሌላውን ኬፕታውን ላይ ተክሎ፣ ጠመንጃውን አንግቶ፣ በሁለት እጁ የቴሌግራፍ ሽቦ ወጥሮ ቆሟል። መጀመሪያ "ምን ይታያችኋል?" ብቻ በያቸው። ያዩትን ይጻፉ እንጂ ገና አይተርጉሙ። ጫማ፣ ሽቦ፣ ጠመንጃ። ከዚያ "በእግሮቹ መካከል ያለው አገር የማን ነው? ሰዎቹስ የት ሄዱ?" ብለሽ ጠይቂ። አድዋ ከዚህ ሥዕል ሦስት ዓመት ከጥቂት ወር በኋላ መሆኑን ራሳቸው ሲደርሱበት ክፍሉ ይነቃል።

ቀጥሎ በዚያው መጽሔት በነሐሴ 1927 ዓ.ም.፣ ጣሊያን ልትወረን ሁለት ወር እንኳ ሳይቀራት የወጣውን አምጪ። እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሙሶሊኒ ይዘፍኑለታል። እንድትዋጋ አንፈልግም፣ ከተዋጋህ ግን ምናልባት ቅር መሰኘታችንን የሚገልጽ የጋራ ማስታወሻ እናወጣ ይሆናል ነው የሚሉት። የእንግሊዝ መጽሔት የራሱን መንግሥት ነው እንዲህ የሸነቆጠው! ስዊዝ ካናል ለጣሊያን መርከቦች እንዳልተዘጋ፣ የመንግሥታቱ ማኅበር በጣሊያን ላይ የጣለው ማዕቀብም ነዳጅ እንዳልነካ አብረሽ ብታስረጂ የመጽሐፉ ደረቅ አንቀጽ ነፍስ ይዘራል።

ኮፒ ላይ ነኝ
ፕሮጀክተር አያስፈልግሽም። የድሮ ካርቱን በመስመር የተሳለ ስለሆነ ጥቁርና ነጭ ኮፒ ላይ ቁልጭ ብሎ ይወጣል፣ ፎቶ ቢሆን ግን ይጠቁርብሽ ነበር። ለአምስት ልጅ አንድ ወረቀት ይበቃል። ከሥዕሉ ሥር ያለውን ጽሑፍ ቆርጠሽ አስቀሪና መጨረሻ ላይ ስጫቸው።

ከለገሃር
በታሪክ አስተማሪው ሐሳብ እስማማለሁ፣ ግን እዚያው ከቀረን ካርቱን የፈረንጅ ነገር ብቻ ይመስላቸዋል። ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ) ሂጂና ከ1985ቱ የፕሬስ አዋጅ በኋላ የወጡትን የግል ጋዜጦችና መጽሔቶች አገላብጪ። የዚያን ጊዜ ባለሥልጣናት ለዛሬ ልጆች ሩቅ ስለሆኑ የሚጣላላቸው የለም። በመጨረሻ ራሳቸው ይሳሉ። የታክሲ ሰልፍ፣ የቤት ኪራይ፣ የውሃ መጥፋት፣ ሁሉም ፖለቲካ ነው። አንድ ሕግ ግን ቀድመሽ አስቀምጪ፦ የሥልጣን አጠቃቀም ይተቻል፣ ብሔር፣ ሃይማኖትና የአካል ጉዳት አይነካም። እዚህ ላይ ፍንክች እንዳትዪ።

የዜግነት መምህርት (አራት ኪሎ)
እግዜር ይስጥልኝ፣ በሮድስ እጀምራለሁ። ማርክ ግን በምን ልስጥ? ሁሉም የየራሱን ሐሳብ ነው የሚጽፈው።

የታሪክ አስተማሪ
ለሐሳቡ ማርክ አትስጪ። "ሰዓሊው ሮድስን እያደነቀው ነው" ያለም "እየተቸው ነው" ያለም ሥዕሉ ላይ ማስረጃውን በጣቱ ካሳየ እኩል ያገኛል። ካላሳየ ግን የአንቺን ሐሳብ ቢደግፍም ቀንሺበት።